በረጅም የተራራ ጉዞ ላይ እግር ውሃ እንዳይቋጥር ምን ማድረግ ይገባል?

ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የተባሉትን ካምፖች አልፎ እስከ ራስ ደጀን የሚዘልቀው የስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ እግርን በብርቱ የሚፈትን መንገድ ነው። መንገደኞች ለዚህ ጉዞ ሲዘጋጁ ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሚደርሰው ከፍታ፣ ስለ ሌሊቱ ውርጭ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ስንቅ አብዝተው ያስባሉ፤ ማሰባቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተረከዙ ተልጦ ጫማ ማጥለቅ ያቃተው ሰው፣ ትንፋሹና ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢበረቱ፣ ከካምፕ ወደ ካምፕ የሚያደርሰውን የስድስትና የሰባት ሰዓት መንገድ እያነከሰ ከመግፋት በቀር ስለ ጭላዳው መንጋም ሆነ ስለ ገደሉ ግርማ የሚተርፈው ሐሳብ አይኖርም።

ይህ ጉዳት በአብዛኛው አስቀድሞ ሊከላከሉት የሚቻል ነው። የሚከተለው ምክር ስሜንን እንደ ምሳሌ ይዞ የተጻፈ ቢሆንም ወንጪን ወይም ዝቋላን ለሚወጣ፣ በባሌ ተራሮች ለሚጓዝ፣ እንዲሁም በእግሩ ወደ ግሸን ወይም ወደ ቁልቢ ለሚሄድ ምእመን ያገለግላል። ከሁሉ አስቀድሜ ላስገነዝብ የምወደው፣ ቆዳ ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥና እግርን የሚያድነው ዋናው ነገር ያንን ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ወዲያውኑ መቆም መሆኑን ነው። ጫማው፣ ካልሲውና ፕላስተሩ ማስጠንቀቂያው እንዳይመጣ ወይም እንዲዘገይ ይረዳሉ፤ መቆምን ግን አይተኩም።

ቆዳ ውሃ የሚቋጥረው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ጫማ ቆዳን ከላይ እየፋቀ ውሃ እንደሚያስቋጥረው ያስባል። መፋቅ ቆዳን ይልጣል፤ ውሃ መቋጠር ግን የተለየ ሂደት አለው። የአንዱን እጅዎን ሌባ ጣት በሌላው እጅዎ ጀርባ ላይ ጫን አድርገው ያሳርፉና ጣትዎ ከነካው ቦታ ሳይንሸራተት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት። ቆዳው ከጣትዎ ጋር ይሄዳል፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ግን ባለበት ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ እየተሳበ ነው። በጫማ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ላብ ያረጠበው ካልሲ ቆዳውን አጥብቆ ሲይዘው፣ የተረከዝ አጥንት በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ዝቅ ይላል። አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር መንገድ 20,000 ያህል እርምጃ ስለሚጠይቅ አንዱ ተረከዝ ብቻውን በቀን ውስጥ 10,000 ጊዜ ያህል ይሳባል ማለት ነው። በመጨረሻም በላይኛው የቆዳ ክፍል ውስጥ ያሉት ሕዋሳት እርስ በርስ ይላቀቁና በተፈጠረው ክፍተት ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይሞላል።

ይህን የተረዳ ሰው ምን መቆጣጠር እንዳለበት ያውቃል። ርጥብ ቆዳ ከደረቀ ቆዳ ይልቅ ካልሲ ላይ ይጣበቃል፤ የሞቀ እግር አብዝቶ ያልባል፤ የሰፋ ጫማ ተረከዝን ያንሸራትታል፣ የጠበበ ጫማ ደግሞ ጣቶችን ጨምቆ እርስ በርስ ያፋትጋቸዋል፤ በጀርባ ላይ ያለ ሸክም ሲከብድ ሁሉም ይባባሳል። ውሃ መቋጠር በተለይ ተረከዝንና ውስጥ እግርን የሚያጠቃው በእነዚህ ቦታዎች ያለው ቆዳ ወፍራም በመሆኑ ነው። ስስ ቆዳ ከመቋጠሩ በፊት ይላጣል፣ ወፍራሙ ግን ሳይቀደድ ከሥሩ ይላቀቃል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። በፓርኩ ውስጥ መንገደኞችን አጅበው የሚሄዱት ስካውቶች ብዙዎቹ ያለ ካልሲ፣ በፕላስቲክ ጫማ ብቻ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ሲወጡና ሲወርዱ የሚያይ የከተማ ሰው፣ ስለ ጫማና ካልሲ መጨነቅ ቅንጦት ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። የእነርሱ እግር ከልጅነት ጀምሮ በዚያው መንገድ ላይ የጠነከረ ነው። ዓመቱን ሙሉ በቢሮና በታክሲ የዋለ እግር ያንን ጥንካሬ በአንድ ሳምንት ሊያገኘው አይችልም፤ ስለዚህ የእነርሱን ጫማ ሳይሆን የእነርሱን ዝግ ያለና የማይዋዥቅ እርምጃ መኮረጅ ይበጃል።

ጫማ አመራረጥና ማለማመድ

ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማታ፣ እግር በመዋል ብዛት ትንሽ ባበጠበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ በረጅም ጉዞ ላይ እግር ከዚህም በላይ ያብጣልና። ወደ ሱቅ ሲሄዱ ለጉዞው ያሰቡትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ። ጫማውን አጥልቀው፣ ማሰሪያውን አጥብቀው ከቆሙ በኋላ ከረጅሙ ጣትዎ ጫፍ እስከ ጫማው አፍንጫ ድረስ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራው ላይሆን ስለሚችል ሁለተኛውንም መፈተሽ ያስፈልጋል። ከዚያ ደረጃ ይፈልጉና ወደ ታች ይውረዱ፤ ጣቶችዎ የጫማውን ጫፍ ከነኩ፣ ያ ጫማ የቱንም ያህል ቢያምር ለተራራ አይሆንዎትም። ደረጃ ሲወጡ ደግሞ ተረከዝዎ በጫማው ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ማሰሪያውን በሚገባ አጥብቀው ይሞክሩት፤ ያኔም ካልቀረ ይተዉት።

አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ የተራራ ጫማ የሚገኘው ብዙ ጊዜ መርካቶ ካሉ የልባሽ ጫማ ነጋዴዎች ዘንድ ነው፤ ይህም የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ጥሩ ዕቃ በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛል። ሆኖም ሁለት ነገር መታየት አለበት። የመጀመሪያው፣ የቀድሞው ባለቤት እግር በውስጥ ሶሉ ላይ ቅርጹን ትቶ ስለሚሄድ ሶሉን አውጥቶ በአዲስ መተካት የሚገባ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ብዙዎች የማያውቁት፣ በጫማው የታችኛው ሶል ውስጥ ያለው ፖሊዩሬቴን የተባለ ንብርብር ጫማው ባይደረግም እንኳ ከዓመታት በኋላ በአየር ርጥበት ምክንያት ይፈረካከሳል። ላዩ አዲስ የሚመስል ጫማ በጉዞው መካከል ሶሉ ተገንጥሎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ጫማውን በሁለት እጅ ይዘው ደጋግመው ያጥፉት፣ የሶሉን ዳር በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ከተሰነጣጠቀ ወይም እንደ ዱቄት ከረገፈ አይግዙት።

አዲስ ጫማ ይዞ በቀጥታ ወደ ደባርቅ መሄድ ከሁሉ የከፋው ነው። ጫማው በመጀመሪያ በቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ በሥራ መንገድ ላይ፣ ከዚያም እንጦጦን በመውጣትና በመውረድ ሊለማመድ ይገባል። ከዋናው ጉዞ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ፣ ለምሳሌ ዝቋላን ወይም ወንጪን፣ በዚያው ጫማ፣ በዚያው ካልሲና በዚያው ሸክም መሄድ ያስፈልጋል። ቆዳ ጫማ ከሆነ ልምምዱ ሳምንታትን ይፈልጋል፤ ቀላል የጨርቅ ጫማ ቶሎ ይለመዳል። የልምምዱ ጥቅም ጫማውን ከማለስለስ ያለፈ ነው፤ የእርስዎ እግር የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያቃጥልዎ አስቀድሞ ያሳይዎታል። ያንን ቦታ ያወቀ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ስለ አስተሳሰር ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጫማው ሳይሆን የማሰሪያው ነውና። ተረከዝ የሚንሸራተት ከሆነ ከላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀዳዳዎች በሌላ መንገድ ይጠቀሙባቸው። የግራውን ክር ተሻግረው ወደ ቀኝ ሳይወስዱ በዚያው በግራ በኩል ወዳለው የላይኛው ቀዳዳ ያስገቡትና ትንሽ ቀለበት እንዲሠራ ላላ አድርገው ይተዉት፤ የቀኙንም እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ የቀኙን ክር በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ ቀለበት ውስጥ አሳልፈው ወደ ታችና ወደ ኋላ ይሳቡት። ጫማው ቁርጭምጭሚቱን አቅፎ ይይዛል፣ ተረከዝ ወደ ኋላ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ የጣቶቹ አካባቢ ግን ሳይጨነቅ ላላ እንዳለ ይቆያል። ዳገት ሲሆን ቁርጭምጭሚት አካባቢ ትንሽ ማላላት፣ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ብሎ እንደገና ማጥበቅ ጥሩ ልማድ ነው።

ካልሲ

የጥጥ ካልሲ ላብን ጠጥቶ ይይዛል፤ ቶሎም አይደርቅም። ለከተማ ይሆናል፣ ለተራራ ግን አይመከርም። ሱፍ፣ ፖሊስተር ወይም የሁለቱ ቅልቅል የሆነ፣ ተረከዙ ላይ የማይጨማደድና ጣት ላይ ወፍራም ስፌት የሌለው ካልሲ ይምረጡ። ብዙ ልምድ ያላቸው መንገደኞች ከሥር ስስና ለስላሳ የፖሊስተር ካልሲ፣ ከላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይደርባሉ፤ እንዲህ ሲሆን እንቅስቃሴው በሁለቱ ካልሲዎች መካከል ስለሚያልቅ ቆዳው አይሳብም። ይህን የሚያደርግ ሰው ጫማውን ሲገዛም ሁለቱን ካልሲ አድርጎ መለካት አለበት፤ አለዚያ ጫማው ጠብቦ ጉዳቱ ይብሳል።

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥንድ ይበቃል። አንዱ እግር ላይ ይሆናል፣ አንዱ ከቦርሳው ውጭ ተንጠልጥሎ ይደርቃል፣ ሦስተኛው በፌስታል ተጠቅልሎ ለመኝታ ብቻ ይቀመጣል፤ ይህ ሦስተኛው በምንም ምክንያት ለመንገድ አይነካም። ለምሳ ሲቆም ጫማን አውልቆ እግርን ለነፋስ መስጠትና ካልሲ መቀየር አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን መንገድ ፈጽሞ ይለውጠዋል።

ፕላስተር፣ ቫዝሊንና ዱቄት

በልምምድ ጊዜ የሚያቃጥልዎን ቦታ ካወቁ በጉዞው ቀን ጠዋት፣ ገና እግርዎ ንጹሕና ደረቅ ሳለ፣ በፕላስተር መሸፈን ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ነው። ውድ ነገር አያስፈልግም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በበረሃ የብዙ ቀን ሩጫ በሚወዳደሩ ሰዎች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት፣ በመድኃኒት ቤት በርካሽ የሚሸጠው ስስ የወረቀት ፕላስተር የውሃ መቋጠርን በ40 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የወረቀት ፕላስተር በጣም ስለማይጣበቅ ሲነሳ ቆዳ ይዞ አይሄድም፤ ጉድለቱ በላብ ብዛት መነሳቱ ነው። አብዝቶ ለሚያልበው ሰው ጠንካራው የጨርቅ ፕላስተር ይሻለዋል።

አለጣጠፉ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቆዳውን በአልኮል ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ። ፕላስተሩን ከሚያቃጥለው ቦታ በየአቅጣጫው ሁለት ጣት ያህል የሚተርፍ አድርገው ይቁረጡና አራቱን ማዕዘኖች በመቀስ ያክቧቸው፤ ሹል ማዕዘን ካልሲ እየጎተተ ያነሳዋል። ተረከዝ ላይ ሲለጥፉ እግርዎን ወደ ላይ አጥፈው፣ ፕላስተሩን ሳይወጥሩ ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር እየዳበሱ ያሳርፉት። አንዲትም እጥፋት ከቀረች አንስተው እንደገና ይለጥፉ፤ እጥፋት ራሷ ውሃ ታስቋጥራለችና። ጣት ላይ ሲጠቀልሉ አጥብቀው አይጠቅልሉ፣ ከሰዓት በኋላ ጣቱ ያብጣል። ማታ ሲያነሱት ከዳር ጀምረው ቀስ ብለው፣ ፕላስተሩን በራሱ ላይ እያጠፉ ይላጡት።

ቫዝሊን መቀባት የቆየና የተለመደ ዘዴ ነው፤ ጥቅም እንዳለውም አይካድም። ነገር ግን ሰበቃን የሚቀንሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቆዳውን አርጥቦና አለስልሶ ጭራሽ ሰበቃውን ይጨምረዋል። በየሰዓቱ ቆሞ እንደገና ለመቀባት የማይችል ሰው ባይጀምረው ይሻላል። በጣቶች መካከልና በጭን መፋተጊያ ላይ ግን ከፕላስተር ይልቅ ቫዝሊን ይመቻል። የእግር ዱቄት ጠዋት ስስ ተደርጎ ቢነሰነስ አይጎዳም፣ ሲበዛ ግን ከላብ ጋር ተቦክቶ ይጓጉላል።

ላብን የሚያደርቁ ቅባቶችን በተመለከተ፣ በአሜሪካ የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ካዴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት አለ። ከ21 ኪሎ ሜትር ጉዞ በፊት ባሉት ሌሊቶች እግራቸውን አሉሚኒየም ክሎራይድ ባለበት ቅባት ከቀቡት መካከል ውሃ የቋጠሩት 21 በመቶ ሲሆኑ፣ ያንን ንጥረ ነገር የሌለው ቅባት ከተጠቀሙት ግን 48 በመቶ ነበሩ። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆዳቸው ተቆጥቷል። እኔ በበኩሌ ይህንን መንገድ ላቡ ከልክ በላይ ለሆነ ሰው ካልሆነ በቀር አልመክርም፤ እርሱም ቢሆን ከጉዞው ብዙ ቀደም ብሎ ሊሞክረው ይገባል።

መንገድ ላይ፦ ሲያቃጥል መቆም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ቆዳ ውሃ ከመቋጠሩ በፊት በአንድ ቦታ ላይ ሙቀት ይሰማል፤ ሙቀቱ ወደ ማቃጠል፣ ማቃጠሉ ወደ መውጋት ይሸጋገራል። ሙቀቱ በተሰማ ሰዓት ጫማን አውልቆ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ካልሲውን አስተካክሎና ፕላስተር ለጥፎ ለመቀጠል አምስት ደቂቃ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ግን ቆዳው ይላቀቅና ቀሪዎቹ ቀናት ሁሉ ይበላሻሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ምክር እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ታዲያ ይህን ሁሉም የሚያውቀው ከሆነ ለምን ሰዎች አይቆሙም? በእኔ አስተያየት ትልቁ ምክንያት ይሉኝታ ነው። ከሳንቃበር ወደ ግጭ በተጓዝንበት አንድ ጊዜ አብራን የነበረች ወጣት ከጠዋት ጀምሮ ተረከዟ እያቃጠላት ዝም ብላ ስትከተለን ቆይታ፣ የጅንባርን ወንዝ ለመሻገር ሁላችንም ጫማ ስናወልቅ የካልሲዋ ኋላ በፈሳሽ ርሶ ተረከዟ ላይ ተለጥፎ አየን። አስጎብኚው ደንግጦ «ምነው እህቴ፣ ለምን አልነገርሽንም?» ሲላት «እናንተን ላለማስቆም ብዬ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁላችንም በእርሷ እርምጃ ሄድን፤ የቆምንባቸውም ጊዜያት በርካታ ነበሩ።

ስለዚህ ቡድን የሚመራ ሰው ይህን ሸክም ከእያንዳንዱ ተጓዥ ላይ ማንሳት አለበት። ጉዞው በተጀመረ በሃያ ወይም በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ማንም ሳይጠይቅ ሁሉንም ማስቆምና «ጫማችሁን አስተካክሉ፣ የሚያቃጥለው ሰው ካለ አሁን ይፈትሽ» ማለት ይገባል። ከዚያም በየሰዓቱ ተኩል መድገም ነው። ይህ የተለመደ ሥርዓት ከሆነ ማንም ሰው ሌሎችን ያስቸገረ አይመስለውም። ብቻዎን የሚሄዱ ከሆነም ለራስዎ ይህንኑ ደንብ ያውጡ። ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ወይም የሣር ገለባም ቢሆን ወዲያው ትውጣ፤ አጫጭር ጫማ ለሚያደርጉ ይህ አዘውትሮ ያጋጥማል።

ወንዝ ሲያጋጥም ጫማን አውልቆ፣ ለዚሁ በተያዘ ነጠላ ጫማ መሻገርና ማዶ ላይ እግርን በፎጣ አድርቆ ካልሲና ጫማ ማጥለቅ ተገቢ ነው። በጫማ ውሃ ውስጥ ገብቶ «እየሄድኩ ይደርቃል» ማለት አያዋጣም፤ በደጋው ብርድ የራሰ ጫማ በቀኑ ውስጥ አይደርቅም። በመስከረም መጀመሪያ፣ መሬቱ ገና ጭቃ ሳለ ወደ ግሸን በእግር የሚሄዱ ምእመናንም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ በተለይ ያለ ካልሲ የሚደረግ የላስቲክ ጫማ ውስጥ ውሃና አሸዋ ሲገባ ቆዳን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይልጣል።

ቁልቁለትና የጣት ጥፍር

በስሜን ጉዞ ውስጥ ጣቶች አብዝተው የሚጎዱት ከጨነቅ ተነስቶ የቧሂትን በር ካለፉ በኋላ ወደ መሸሃ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ መውረድ በአንድ ቀን ይጠናቀቃል፤ እግር በጫማው ውስጥ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥፍሮች የጫማውን ጫፍ ሺህ ጊዜ ይመታሉ። ከጥፍር ሥር ደም ቋጥሮ የሚጠቁረውና በኋላም ጥፍሩ የሚወልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ከቤት ይጀምራል። ጥፍርዎን ከጉዞው ሦስት ወይም አራት ቀን ቀደም ብለው፣ ጥግ ጥጉን ሳያጎደጉዱ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ ዳሩንም በሞረድ ያለስልሱ። በዋዜማው መቁረጥ አዲስ ሹል ጠርዝ ስለሚተው አይመከርም። በዚያው ሰሞን በተረከዝዎ ዙሪያ የደደረ ቆዳ ካለ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሳሱት፤ ከደደረ ቆዳ ሥር የሚቋጠር ውሃ ጥልቅ ስለሆነ ለማከምም ያስቸግራል፣ ሕመሙም የበረታ ነው። ፈጽሞ ማጥፋት ግን አያስፈልግም። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቀው፣ እርምጃዎን አሳጥረው፣ ጉልበትዎን በጥቂቱ አጠፍ አድርገው ይውረዱ። ዱላ ወይም ምርኩዝ መያዝ ከእግር ላይ ብዙ ክብደት ያነሳል፤ ሁለት ሲሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያግዛሉ።

ካምፕ ሲደረስ

ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግር ማጠብ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ለተራራ ተጓዥም ካምፕ ሲደርስ ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ ይኸው ነው። በለብታ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ በጣቶች መካከል ያለው ሳይቀር በሚገባ ይደርቅ። እግርን ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ድካምን ቢያስታግስም ቆዳን ስለሚያለሰልስ በማግስቱ መንገድ ላለበት ሰው አይበጅም። ካደረቁ በኋላ በፋኖስ ወይም በባትሪ ብርሃን ተረከዝን፣ ውስጥ እግርንና የጣቶችን መካከል አንድ በአንድ መመልከት ይገባል። የቀላ ቦታ ካለ ለነገ ጠዋት ፕላስተር የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

የመኝታው ካልሲ የሚወጣው አሁን ነው። እንደ ግጭና ጨነቅ ባሉ፣ ከ3,600 ሜትር ባላነሱ ቦታዎች ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ከድንኳን ውጭ የተሰጣ ካልሲ ጠዋት በረዶ ሆኖ ይገኛል። ጥቂት ርጥበት ብቻ የቀረውን ካልሲ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ከሰውነትዎ ጋር አድርገው ቢያድሩ ጠዋት ደርቆ ያገኙታል።

ውስጥ እግርና ባት ላይ ለሚሰማ ድካም እግርን ቦርሳ ላይ ከፍ አድርጎ ጥቂት መተኛት፣ ከዚያም የባትን ጡንቻ ቀስ ብሎ መሳብ ይረዳል፤ አንድ እግር ወደ ኋላ ተዘርግቶ ተረከዙ መሬት እንደነካ ሰውነት ወደ ፊት ዘንበል ሲል ጡንቻው ይሳባል። ጠዋት ሲነሱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ተረከዝ ሥር እንደ መርፌ የሚወጉ ከሆነ ውስጥ እግርን የሚደግፈው ጅማት ተቆጥቷልና ይህን ልምምድ ከመኝታ ሳይወርዱ ያድርጉት፣ በዚያም ቀን ሸክምዎን ይቀንሱ። ከባዱን ዕቃ ለበቅሎ መስጠት ስንፍና አይደለም፤ በጀርባ የሚቀረው ውሃ፣ የዝናብ ልብስና የእግር መጠገኛ ዕቃ ቢሆን በቂ ነው።

ውሃ ከቋጠረ በኋላ

ትንሽና ብዙም የማያም ከሆነ አያፍርጡት። ከላይ ያለው ቆዳ ከሁሉ የተሻለ መሸፈኛ ነው፤ ከሥሩም አዲስ ቆዳ በአምስት ቀን ገደማ ይሠራል። ከወፍራም ስፖንጅ ወይም ከተደራረበ ፕላስተር መካከሉ የተቦረቦረ ቀለበት ሠርተው በዙሪያው ይለጥፉ፤ ጫማው ቀለበቱን ይጫናል እንጂ ቋጠሮውን አይነካውም። ትልቅ ሆኖ እርምጃ የሚከለክልና በራሱ ሊፈርጥ የደረሰ ከሆነ ግን በንጽሕና ማፍሰስ ጫማ ውስጥ እስኪፈርጥ ከመጠበቅ ይሻላል።

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ቦታውን በቤታዲን ይጥረጉ፣ ከማሸጊያው የወጣ አዲስ መርፌ ወይም በአልኮል የተጸዳ መርፌ ያዘጋጁ። መካከሉን ሳይሆን ዳሩን፣ ፈሳሹ በእርምጃ ጊዜም እየወጣ እንዲቀጥል በታችኛው በኩል ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይብሱት። በንጹሕ ጎዝ ቀስ ብለው ጫን ጫን አድርገው ፈሳሹን ያስወጡ። ላዩን ቆዳ በፍጹም አይላጡት። እንደገና ቤታዲን ቀብተው፣ ሲደርቅ በማይጣበቅ ጎዝ ሸፍነው ከላዩ ፕላስተር ይለጥፉ። ፕላስተር በቀጥታ በቋጠሮው ላይ ከተለጠፈ ማታ ሲነሳ ቆዳውን ገሽልጦት ይሄዳል። በደም የተሞላ ቋጠሮ አይበሳም፤ ጉዳቱ ጥልቅ ስለሆነ ጀርም የሚገባበት በር መክፈት ይሆናል። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም የእግሩ ስሜት የደነዘዘ ሰው ደግሞ በራሱ መርፌ ከማንሳት ይቆጠብና ሐኪም ያማክር፤ እንዲያውም ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት ቢያማክር ይመረጣል።

በቁስሉ ዙሪያ ያለው መቅላት እየሰፋ ከሄደ፣ ቦታው ከጋለና ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ከቁስሉ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር ከታየ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጉዞው ማብቃት አለበት። ለስሜን ተጓዥ ይህ ውሳኔ ቦታ አለው፤ እርሱም ጨነቅ ነው። መኪና እስከዚያ ስለሚደርስ የታመመን ሰው በዚያው ቀን ወደ ደባርቅ ጤና ተቋም ማድረስ ይቻላል። ወደ መሸሃ ከወረዱና በቀጣዩ ካምፕ በአምቢቆ ካደሩ በኋላ ግን የቆሰለ እግር ያንኑ አቀበት በራሱ ወይም በበቅሎ ጀርባ መመለስ ይኖርበታል። ስለዚህ ጨነቅ ባደሩበት ማታ እግርዎን ከወትሮው በበለጠ ጥንቃቄ ይመርምሩ፣ ጓደኞችዎም እንዲመረምሩ ይጠይቁ፣ የተጠራጠሩትን ቁስል ለአስጎብኚው ሳይደብቁ አሳይተው ለመቀጠል ወይም ለመመለስ እዚያው ይወስኑ።